ወሳንሳችን በምርምር ላይ ናት

ሐምሌ ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ላይ አምባ ቅሬ፣ ከመካነ ሰላም በላይ

ለክቡር ዶክተር፣ የደጋማ አካባቢዎች ተግባራዊ ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ፣ በተለይም የቀኝ እግርዎ ቁርጭምጭሚት እንደምን ከርመዋል? ሌላ ሰው ሲጽፍልዎ ጤናዎን የሚጠይቀው ለወጉ ያህል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ያንን ቁርጭምጭሚት ከዳገቱ ጫፍ እስከ ጠጠር መንገዱ ድረስ በትከሻችን ያወረድነው ስለሆነ እንደ ዘመድ እናስበዋለን። እኛ ጭቃው ከመብዛቱ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ የላይ አምባ ቅሬ ጸሐፊ የኔአለም ነኝ። ቅሬ ማለት፣ በጥናታችሁ ውስጥ የተሰጠው ስም ከመርዘሙ የተነሣ መልኩ ጠፍቶብዎ እንደሆነ ላስታውስዎና፣ ሰው ሲሞት የምንቀብርበት፣ ሰው ሲታመም የምንሸከምበት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ የሚጻፍበት የመንደራችን ማኅበር ነው። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ፣ “አንቺ ስልክም ትነካኪያለሽ፣ መጻፍም አያቅትሽም” ተብዬ በጸሐፊነት ተመረጥኩ። ከጸሐፊነቱ ሌላ፣ የዛሬውን ጉዳይ ይበልጥ የሚመለከት ማዕረግም አለኝ፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በሐኪሙ ቆጠራ መሠረት ነሐሴ አጋማሽ ላይ እወልዳለሁ፤ ከመንደራችን ወደ ሆስፒታል የምወሰድባት ወሳንሳ ደግሞ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት በምርምር ላይ ናት።

ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ወሳንሳችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስተዋውቅ። ሁለት ረጃጅም የጥድ አጣናዎች፣ በመካከላቸው በበሬ ጠፍር የተጠለፈ መተኛ፣ ጫፍና ጫፉ ደግሞ የተሸካሚ ትከሻ እንዳይላጥ በበግ ቆዳ የተጠቀለለ፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የላትም። የጠረቧት አቶ ይሄነው ናቸው፤ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አራት ሰው ይሸከማታል፣ ሌሎች ስምንት ሰዎች ለቅያሪ ይከተላሉ። ሰዎቹን የሚጠራውና የሚያጣምደው የቅሬው ጠሪ አወቀ ነው። አወቀ የሰውን ስም ብቻ ሳይሆን የትከሻውን ከፍታም በቃሉ ያውቃል፤ ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር ጎን ለጎን ያጣምዳል፤ ዳገት ሲሆን አጫጭሮቹን ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ ያደርጋል፣ ቁልቁለት ሲሆን ይገለብጠዋል። በዚህም ምክንያት ታማሚው ገደሉንም ሜዳውንም አልጋው ላይ እንደተኛ ሆኖ ያልፈዋል። እርስዎም የአምናው ጥር ለመስክ ጉብኝት መጥተው ዳገታችን ላይ እግርዎ የተጠማዘዘ ዕለት እንዲሁ ነበር ያለፉት።

ያን ዕለት አወቀ ተጣራ፣ አሥራ ሁለት ሰዎችም አውድማቸውን ትተው መጡ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ሕመሙ ቀለል ሲልዎ ይህች ነገር ከምን እንደተሠራች፣ ማን እንደሚጠራ፣ ተሸካሚው ምን እንደሚከፈለው ጠየቁን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አምባቸው “ኧረ ምንም፣ አብሽሩ” ብሎ ሲመልስልዎ፣ ቀና ብለው፣ “ይህ እኮ ሦስቱንም ክፍሎቻችንን የሚያገናኝ ነው!” አሉ። ሕመሙ ጭንቅላትዎ ላይ የወጣ መስሎን በጣም አዝነን ነበር።

በግንቦት ወር ግን ቃልዎ እውነት ሆኖ ሦስት መኪና ባለሙያ መጣ። አንደኛው የዲጂታል ንግድ፣ ሁለተኛው የቁሳቁስ ሳይንስ፣ ሦስተኛው የዘላቂ ጤና አጠባበቅ ነው ተባለ። ወሳንሳችንን ለሁለት ሳምንት ብቻ በውሰት እንድንሰጣችሁ ጠየቃችሁ። የቅሬው ዳኛ አቶ አበጋዝ፣ “የተሸከምነው ሰው የላከው እንግዳ ነው፣ እንዴት እምቢ ይባላል?” ብለው ፈቀዱ፤ ተወካይዎም በመዝገባችን ላይ ፈርመው፣ ክብና ሐምራዊ ማኅተም አሳርፈው ይዘዋት ሄዱ። ያ የተፈረመበት ገጽ በኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ቦታውን በጣቴ ይዤ ልቆይ። ሁለቱ ሳምንታት ዛሬ አሥራ አራት ወር ሞልቷቸዋል፤ በእነዚህ ወራት ማዕከሉ ስላደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ የዲጂታል ንግድ ክፍልዎን “ትከሻ” ስለተባለው የስልክ መተግበሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ታማሚ ያለበት ሰው ስልኩን ይጫናል፣ በቅርብ ያሉ አራት ተሸካሚዎች ጥሪው ይደርሳቸዋል፣ ሲጨርሱም ታማሚው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። እኔ የስልክ ጠላት አይደለሁም፤ ጅዳ እያለሁ የእመቤቴን አስቤዛ እስከ ሽንኩርቱ ድረስ በስልክ አዝዤ በር ላይ እረከብ ነበር። ነገር ግን በመንደራችን ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ያ ጉብታ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አወቀ ቆሞ የሚጣራበት ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የተጣራ ድምፅ ሦስቱንም ጎጦች ያዳርሳል። ስለዚህ አሠራራችን አሁን እንዲህ ዘምኗል፤ አወቀ ጉብታው ላይ ይወጣል፣ አራቱን ሰዎች በስልኩ ይጠራል፣ እነሱ ቤታቸው ኔትወርክ ስለሌላቸው ደግሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ “ኧረ ጠርቻችኋለሁ! በስልክ ጠርቻችኋለሁ!” እያለ ይጮኻል። ቀድሞ አንድ የነበረው ሥራ ሁለት ሆኖለታል፤ ሥራ ፈጠራ ማለት ይህ ከሆነ ተሳክቷል።

መተግበሪያው የሰዎችን ርቀት እንጂ ቁመታቸውን እንደማያውቅ የተረዳነው ባለፈው ወር፣ ሰኔ ላይ ነው። እማማ ኡምኩልሱም ወገባቸው ተይዞ መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው “ትከሻ” የቅርብ ጎረቤት የሆኑትን አምባቸውንና ታደለን ጎን ለጎን አጣመዳቸው። አምባቸው በየሰዉ ቤት ሲገባ ጉበን እንዳይመታው የሚያጎነብስ ሰው ነው፤ ታደለ ግን ጎንበስ ብሎ የገባበት በር እስከ ዛሬ አልተገኘም። አወቀ ይህን አይቶ ሊያስተካክል ቢል፣ ከእናንተ ዘንድ የመጣው ባለሙያ መረጃው ይበላሻል ብሎ ከለከለው። ስለዚህ እማማ ኡምኩልሱም ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ ወደ ታደለ ተንሸራተው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። በኋላ ላይ ኮከብ እንዲሰጡ ሲጠየቁም፣ “ኮከብ የሚሰጥ አላህ ነው ልጄ፣ እኔ ያለኝ ዱዓ ነው” አሉ። መተግበሪያው ግን ዱዓ የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

፪. የቁሳቁስ ሳይንስ ክፍልዎ በወሳንሳችን ምትክ ስለላከልን ሁለት ናሙናዎች ምስጋናዬ የላቀ ነው። ናሙና አንድ ከተጨመቀ የገብስ ጭድ የተሠራች፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሳት፣ እውነትም የምታስደንቅ ነበረች። ኅዳር ላይ ተረክበን በታደለ ግቢ አስቀመጥናት፤ የታደለም አህያ ከጠዋት እስከ ረፋድ ባለው ጊዜ አንዱን እጀታ በልታ ጨረሰችው። አህያዋ እስከ ዛሬ በጥራቱ ላይ ቅሬታ አላቀረበችም። ሚያዝያ ላይ የመጣችው ናሙና ሁለት ከብት እንዳይበላት መራራ ነገር የተቀባች ሲሆን፣ አገልግሎቷን ስትጨርስ ወደ አፈር የምትመለስ መሆኗም በሰፊው ተብራራልን። እማማ ኡምኩልሱምን የተሸከምነው በእርስዋ ላይ ነው። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር መሃሏ እንደ ራሰ ድርቆሽ እየለሰለሰ ሄደና ወንዙ ጋ ሳንደርስ ወደ አፈር መመለስ ጀመረች፤ እማማ ኡምኩልሱም ግን ገና መመለስ አልፈለጉም ነበር። በመጨረሻ አምባቸው ጀርባው ላይ አዘላቸውና ወንዙን ተሻገረ። እሳቸውም ወገባቸው እያመማቸው እየሳቁ፣ “ወላሂ፣ ከተዳርኩ ወዲህ ሰው አዝሎኝ አያውቅም፤ ያውም ያኔ ያዘለኝ እንዲህ አይረዝምም” ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ዛሬ ድነው ገበያ ይወርዳሉ። ባለሙያዎ ግን ጭቃው ውስጥ የቀረውን የናሙናዋን ቁራጭ በጥንቃቄ ለቅሞ በላስቲክ ቋጥሮ ሄደ። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሉት ይህን ሳያዩ አይመስለኝም።

ለምን ሌላ ወሳንሳ አትጠርቡም የሚሉ እንደሆነ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አገር አንድ መንደር ሁለት ወሳንሳ አያስቀምጥም፤ ሁለተኛይቱ ባዶዋን መቀመጥ አትወድምና ሰው ትጠራለች ይባላል። የድሮዋ አገልግላ ስትሰበር በቅሬው ፊት ተፈትታ ነው አዲስ የሚጠረበው። እኔ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ አምናለሁ ማለት አልችልም፤ ነገር ግን በዚህ ሆዴ ሐሰት መሆኑን በራሴ ላይ ሞክሬ ለማረጋገጥ አልደፍርም፤ እንዲህ ያለው ሙከራ የእናንተ ሙያ ነው። ናሙናዎቻችሁስ ሲመጡ ለምን አልተፈራም ቢሉ፣ አቶ አበጋዝ በጉባኤ መርምረው፣ “ያ ወሳንሳ አይደለም፣ ጭድ ነው” ብለው ወስነዋል።

፫. የዘላቂ ጤና አጠባበቅ ክፍልዎ ስልሳ አራት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይዞ እያንዳንዱን ቤት ማንኳኳቱ ትልቅ ክብር ነው። እኔን ከጠየቁኝ መካከል፣ “ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በባህላዊ ወሳንሳ ተጠቅመው ያውቃሉ?” የሚል ነበረበት። አልተጠቀምኩም አልኩ። ምክንያቱን ልናገር ስል ልጅቷ በትሕትና፣ “እትዬ፣ ለምክንያት የሚሆን ሣጥን የለኝም” አለችኝ። ጎረቤቶቼም ሁሉ እንደ እኔ እውነቱን መለሱ። ከሁለት ወር በኋላ በደረሰን ባለ ቀለም ሪፖርት ላይ፣ በላይ አምባ አካባቢ የባህላዊ ወሳንሳ አጠቃቀም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዜሮ መውረዱና ኅብረተሰቡ ወደ ዘመናዊ አማራጭ በፈቃደኝነት መሸጋገሩ በሥዕል ተደግፎ ቀርቧል። ክቡር ሆይ፣ የሰውን ጫማ ወስዶ በባዶ እግሩ መሄድ መረጠ ብሎ የሚጽፍ ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ በሪፖርታችሁ ውስጥ “ዘላቂ” የሚል ቃል ሃያ ሦስት ቦታ ላይ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። አቶ ይሄነው ገጹን እየገለጡ ካዩት በኋላ፣ “የእኔይቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ይህን ምን ብለው ጻፉት?” ሲሉ ጠየቁኝ። ፈልጌ አጣሁት። እሳቸውም ሪፖርቱን አጥፈው መለሱልኝ።

፬. የዘመን መቁጠሪያው ስጦታ ደርሶናል። የነሐሴ ገጽ ላይ ወሳንሳችን በነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ከአጠገቧ “እባክዎ አይንኩ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። በጣም አምሮባታል። እንዲህ ንጹሕ ሆና እኛም አይተናት አናውቅም፤ ለነገሩ እኛ ዘንድ ሳለች ሰው ስለሚነካት ነው። መቁጠሪያውን ከአልጋዬ ትይዩ ሰቅዬዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ እስቅ ነበር፤ አሁን ግን የእኔዋ ላም በግድግዳ ላይ ስለሆነች ቢያንስ መልኳን አያለሁ።

እስቲ አሁን ቀልዱን ትቼ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። የዛሬ አራት ዓመት ልጄን ሰብሌን ስወልድ ምጡ የያዘኝ ከቆጠራው ሃያ ቀን ቀድሞ ነው። ደም ይፈስሰኝ ነበር። በዚያች ወሳንሳ ላይ ተኝቼ፣ አወቀ ከፊት እየሮጠ ቅያሪ እየጠራ፣ አምባቸው በየእርምጃው “አብሽሪ፣ ደረስን” እያለ ወርጄ፣ ከጠጠር መንገዱ አምቡላንስ ተቀብሎኝ ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሙ ለባለቤቴ ለንጉሡ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም ታጧቸው ነበር ብሎታል፤ በሚቀጥለውም ደም ስለሚያሰጋኝ እንዳልቆይ አስጠንቅቆናል። በዚህ እርግዝናዬ ደግሞ በእግር እንዳልወርድ፣ በበቅሎም እንዳልቀመጥ ተከልክያለሁ። ንጉሡ ቀደም ብለሽ መካነ ሰላም ዘመድ ቤት ውረጂ ይለኛል፤ ልክ ነው፣ ለመውረድም ቢሆን ግን ሰው ሊሸከመኝ ይገባል። የጎረቤታችንን የራሕማን የብረት አልጋ አምና ክረምት ሞክረነዋል፤ ታማሚው ዳነ፣ አራት ተሸካሚ ታመመ። እንደ እማማ ኡምኩልሱም በጀርባ እንድታዘል ደግሞ ሆዴ አይፈቅድም። ሰብሌ የሐኪሙን ቆጠራ አንብባ እንዳልመጣች አይቻለሁ፤ ይህኛው ማንበብ ይቻል እንደሆነ አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ቀን ከሰው ጋር ስሆን እስቃለሁ፤ ሰማዩ ሲጠቁርና ወንዙ ሲያጓራ ስሰማ ግን እጄ ሆዴን ይይዛል።

አሁን በጣቴ ይዤ ወደ ቆየሁት ገጽ ልመለስ። ተወካይዎ የፈረሙት ከቅሬያችን ደንብ ሰባተኛው አንቀጽ ሥር ነው። በጥድፊያ ምክንያት ያላነበቡት ስለሚመስለኝ ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ፤ “ወሳንሳዋ ቤቱ ያደረችበት አባል ተረኛ ነው። ተረኛ ጥሪ በተሰማ ጊዜ ወሳንሳዋን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። የቀረ እንደሆነ ቅጣቱ ብር አይደለም፤ በሚቀጥለው ጥሪ የፊቱን እጀታ ይዞ ዳገቱን ያለ ቅያሪ ይወጣል።” በዚህ መሠረት ማዕከልዎ ካለፈው ዓመት ግንቦት ጀምሮ የላይ አምባ ቅሬ ሙሉ አባልና ያልተቋረጠ ተረኛ ነው። በእነዚህ ወራት አምስት ጥሪ ተጠርቶ በአምስቱም ቀርታችኋል፤ መዝገቡ ላይ በስማችሁ ትይዩ አምስት ጊዜ “ቀረ” ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው እሑድ ጉባኤው በዚህ ጉዳይ ተነጋግሯል። አንዳንዶች ከአባልነት ይሰረዙ አሉ። አቶ አበጋዝ ግን፣ “ሰው ከቅሬ አይባረርም፤ ያውም ተሸክመነው” ብለው ተቃወሙ፤ ጉባኤውም ተስማማ። ስለዚህ መብታችሁ እንደተጠበቀ መሆኑን በደስታ አሳውቃለሁ፤ ከእናንተ አንዱ ቢታመም እንሸከመዋለን፣ ሞት ቢመጣም፣ ያርቀውና፣ አፈር እናለብሰዋለን። ግዴታችሁም እንዲሁ እንደተጠበቀ ነው። ጉባኤው የወሰነው ወሳንሳዋ እስከ ሐምሌ ፳፭ ከአራት ትከሻ ጋር እንድትመጣ ነው፤ ከዲጂታል ንግድ አንድ፣ ከቁሳቁስ ሳይንስ አንድ፣ ከዘላቂ ጤና አጠባበቅ አንድ፣ አራተኛው ደግሞ እርስዎ ራስዎ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ከእኛ ወገን ስምንት ሰዎች ለቅያሪ ይጠብቋችኋል፤ በደንቡ መሠረት ግን እናንተን ዳገቱ ላይ አይቀይሯችሁም።

የምትመርጧቸው ሰዎች ምን ያህል እንደተማሩ አንጠይቅም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት የገመድ ቁራጮች አያይዘናል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቋጠሮው ያለበት የአንድ ተሸካሚያችን የትከሻ ከፍታ ነው። ባለሙያዎችዎን በጫማቸው ሳይሆን በባዶ እግራቸው አቁመው ይለኳቸው፣ ቋጠሮው ትከሻው ላይ ያረፈለት ተመርጧል ማለት ነው። ረጅሙ ገመድ የአምባቸው ነው፤ እርስዎን ስንሸከም እግርዎ ከወሳንሳዋ ተርፎ ስለነበረ፣ አወቀ በአምባቸው ቦታ የሚገቡት እርስዎ ነዎት ብሎ ገምቷል። አወቀ በዚህ ነገር ተሳስቶ አያውቅም። ቁርጭምጭሚትዎ ገና ካልጠና ግን አይጨነቁ፤ ወሳንሳዋን ብቻ በመኪና ይላኩልንና ለቅጣቱ እንደራደራለን።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሪፖርቱ የወረቀት ጥራት፣ ስለ መራራው ቀለም፣ ስለ ዘመን መቁጠሪያውም፣ በታደለ አህያ ስምም ጭምር ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ምርምርዎ ፍሬ አፍርቶ፣ ፍሬውም ከተቻለ ከእኔ ቀድሞ እንዲደርስ እመኛለሁ። ፈጣሪ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ በጀት፣ ለወንዛችን ልብ ይስጠው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የማዕከልዎ የቅሬ ባልደረባ፣ የመጠይቅ ቁጥር አርባ አንድ ተጠያቂ፣ በነሐሴ የምትሸከሟት፣

የኔአለም
የላይ አምባ ቅሬ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአምናው ጥር ወንዙን ስናሻግርዎ የተናገሩት አንድ ቃል በሪፖርቱ ውስጥ ሳይካተት ቀርቷል። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርንም፤ ለምርምሩ ይጠቅም እንደሆነ ብቻ ነው አሁን የማነሳው። ውኃው የአምባቸው ጉልበት ሲደርስ እጁን ይዘው፣ “አደራ፣ እንዳትጥሉኝ” ነበር ያሉት። አልጣልንዎትም።